ተተኪው መምህር እስኪጠፋ ድረስ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ጤናዎም እንቅልፍዎም የተሟላ ይሁን እያልሁ፣ ከተመረቅሁ ሦስት ወር ሳይሞላኝ አራተኛ «ለ»ን አምነው ስለሰጡኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1. የክፍሉ መምህርት በእረፍቱ ወቅት ለሕክምና እንደሄዱ በዚያው ሕይወታቸው ማለፉን ለልጆቹም ለወላጆችም «ፈተናው እስኪያልፍ» ሳይነግሩ ስላቆዩልኝ። ፈተናው አለፈ፤ ከዚያ የወላጆች ቀን መጣ፤ ነገም አንድ ነገር አይጠፋም። የመምህርቷ የክፍል ጫማ እስካሁን ከጠረጴዛው ሥር ነው። ተረኞቹ ሲጠርጉ ዙሪያውን ይዞራሉ እንጂ አይነኩትም።

2. ልጆቹ «ቲቸር መቼ ነው የምትመጣው?» ብለው ሲያስቸግሩ፣ ሰብስበው ያንን የልጆች ፊልም ስላሳዩልኝ። ኮቱን ገልብጦ የለበሰ ተተኪ መምህር በመስኮት ይገባል፣ ወንበሮቹን ያስጨፍራል፤ በመጨረሻ ልጆቹ ጨፍነው እስከ አሥር ሲቆጥሩ በጠመኔ ብናኝ ውስጥ ይጠፋና የድሮዋ መምህርት በበሩ ትገባለች። እኔም ስቄ ነበር።

3. ከዚያ ቀን ጀምሮ የመጨረሻው ደወል ሊደወል ሲል አርባ ሁለት ልጆች ጨፍነው ይቆጥራሉ። ሲገልጡ መጀመሪያ በሩን ያያሉ፣ ቀጥሎ እኔን። ክፋት የለባቸውም። ባለፈው ሳምንት የክፍሉ አለቃ ጠጋ ብሎ «ቲቸር፣ እንዳይከፋህ፣ አንተንም እንወድሃለን፤ ግን ትንሽ ሞክር» አለኝ።

ሞከርሁ፤ አልደብቅዎትም። ስምንት ላይ ሲደርሱ በእግር ጣቴ ወጥቼ ከበሩ ውጭ ቆምሁ። ከ«አሥር» በኋላ የነበረውን ጸጥታ፣ ቢሮዎ ሩቅ ስለሆነ፣ ክቡርነትዎ አልሰሙትም። መቋቋም ሲያቅተኝ ልመለስ በሩን ገፋ አደረግሁት።

«መጣች!» ብለው ጮኹ።

4. ልንገራቸው ብዬ ሦስት ጊዜ ቢሮዎ ስመጣ «አንተ ገና ትኩስ ነህ፣ ይህ የልምድ ጉዳይ ነው» ብለው ስለመከሩኝ፣ ብናገር ደግሞ የሙከራ ጊዜዬ በዚያው እንደሚያበቃ በትሕትና ስላስታወሱኝ።

ይህን ልምድ ላለመቅሰም በመወሰኔ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ለማስተማር እንጂ ለመጥፋት ያልሠለጠንሁት፣

እጅግ አክባሪዎ፣
የአራተኛ «ለ» ተተኪ መምህር

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ዛሬ ጠዋት ለልጆቹ ከነገርኋቸው በኋላ ነው። አለቀሱ፤ እኔም አብሬያቸው። ከፊት የምትቀመጠው ትንሿ ልጅ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ «ርዕሰ መምህሩስ ሰምተዋል? ደንግጠው እንዳይታመሙ፣ ቀስ ብለህ ንገራቸው» አለችኝ። ይኸው፣ ቀስ ብዬ ነገርሁዎት።