ኖታ ሻጮቹ እንዳይከፋቸው

ልጄ፣ ዓይኔ፣ እንዴት ነሽልኝ? በገባሽበት ሁሉ ክፉ አይንካሽ። እኛ አለን። ጣሪያው እንደ ድሮው ያፈሳል፤ የታችኛዋ ጎረቤታችን ልጇን ዳረች።

የአባትሽ ቀኝ እጅ ግን ጭራሽ አልታዘዝ ብሎታል። ፒያኖው ላይ አሁን የታጠበ ልብስ ነው የምከምርበት። ያኔ እጁ ደህና ሳለ፣ ለፒያኖ ተማሪዎቹ አንዲት የሙዚቃ ኖታ ፈልጎ "በነጻ ያውርዱ" የሚል ድረ ገጽ አገኘ። "ለማረጋገጫ ብቻ ነው" ሲሉት አንቺ የሰጠሽውን የባንክ ካርድ ቁጥር አስገባ። ከኖታዋ የመጣለት የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው፤ ካርዱ ላይ ግን ይኸው በየወሩ ይቆርጣሉ።

"ሰርዘው እንጂ!" ብዬ ጮህኩ። መሰረዣውን ደብቀውት በስንት ፍለጋ አገኘነው። ስንነካው "ሊለዩን ነው? እኛ እኮ እንናፍቅዎታለን" የሚል ጽሑፍ ወጣ። አባትሽን ታውቂው የለ፣ ሰው ማስቀየም ሞቱ ነው። "ኧረ ነውር ነው፣ ይከፋቸዋል" ብሎ "እቆያለሁ" የሚለውን በግራ እጁ ተጫነው። "ማሽን እኮ ነው፣ አንተ ሰውዬ!" ብለውም አልሰማኝ። መክሬም ተቆጥቼም ስላቃተኝ ትቼዋለሁ።

እባክሽ የኔ እናት፣ ካርዱን እዚያው አዘጊው። ለእሱ ግን እንዳትነግሪው። ብር በቆረጡ ቁጥር "አብረውን ስላሉ ደስ ብሎናል" ብለው ይጽፉለታል፤ መነጽሩን አድርጎ ደጋግሞ ያነበዋል። ጊዜ ካገኘሽ አንቺም ሁለት መስመር ጣፊለት።

ፈጣሪ በሄድሽበት ይከተልሽ። ካርዱ ከተዘጋ እነሱም ዝም ይሉታል።

እናትሽ