የአባባ ውሎ በአምስት ዓረፍተ ነገር

ለታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ፣ ወገብሽንስ ተሻለሽ? ሥራ እንደሚበዛብሽ አውቃለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትነግሪኝ የኖርሽው እሱኑ ነው። እኔ ደህና ነኝ። አባባም አለ።

ከምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ወጥቼ እንግዳ መቀበያው ላይ ለመቀመጥ ብዬ እንግሊዝኛ ስማር ከረምኩ። አንድ ቀን አስተማሪው «ኦልዌይስ»፣ «ሳምታይምስ»፣ «ኔቨር» የሚሉትን፣ ነገሩ ስንት ጊዜ እንደሚሆን የሚናገሩትን ቃላት አሳየንና የአንድ ዘመዳችሁን ውሎ ጻፉ አለን። ስለ አንቺ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ እህቴ ሁልጊዜ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ብዙ ጊዜ አባቷን ልትጠይቅ ትመጣለች። አንዳንድ ጊዜ ገላውን ታጥበዋለች። ፈጽሞ አትረሳውም። አስተማሪው ለክፍሉ አነበበውና የታደልሽ ነሽ አለኝ። አጠገቤ የሚቀመጠው ቧንቧ ሠራተኛ የግድግዳ ጎረቤታችን ነው፤ ደጃችንን ማን እንደሚረግጥ፣ ማን እንደማይረግጥ ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝና አንገቱን ደፋ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንቺ ያልሠራሽውን እኔ አፈርኩበት፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለአባባም ስዋሽለት ነው የኖርኩት። ደወለች ወይ ባለኝ ቁጥር፣ ደውላ ነበር፣ ተኝተህ ነው እለዋለሁ። ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ።

አሁን እውነተኛውን ልጻፍልሽ። አባባ ሁልጊዜ ጎህ ሳይቀድ ይነሳል፤ ልብሱን ራሱ ካልቆለፈ ይቆጣል። አብዛኛውን ጊዜ ኪኒኑን ምላሱ ሥር ይደብቃል፤ አፉን አስከፍተሽ እዪ። አንዳንድ ጊዜ እኔን በአንቺ ስም ይጠራኛል፤ አቤት እለዋለሁ። ከስንት አንዴ ያለቅሳል፤ ያን ጊዜ ምንም አትበዪው፣ አጠገቡ ተቀመጪ። ደረጃ ብቻውን ፈጽሞ አይወርድም።

እንግዳ መቀበያውን ሰጡኝ፤ ግን በሌላ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ ነው። ሰኞ እጀምራለሁ። ባማክርሽ ትንሽ ታገሺ ትዪኝ ነበር። ለዚህ ነው ያላማከርኩሽ።

ናፍቀሽው አምጪልኝ እንዳልሽ ነው የነገርኩት። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ጫማውን ሲጠርግ ነው የሰነበተው። እባክሽ ፊትሽን ፍቺው፤ ደብዳቤውን በእጁ ሰጥቶሽ በርሽ ላይ ቆሞ እያየሽ ነው። እኔ ከመንገዱ ማዶ ታክሲ ውስጥ ነኝ። ካየሁሽ ሆዴ ይባባና ይዤው እመለሳለሁ ብዬ ነው ያልወረድኩት። እጁን ይዘሽ ስታስገቢው እሄዳለሁ።

ፈጣሪ ጤናውንም ትዕግሥቱንም ይስጥሽ፤ ቤትሽን ይባርክልሽ።

ታናሽ እህትሽ