የላክሽልኝ ሽቶ

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ ናፍቆትሽ ብቻ ነው ያስቸገረን።

እኔ ያው የነዳጅ ዴፖው የደህንነት ኃላፊ ነኝ። ጋዝ ሲያፈተልክ ከጋዝ ጠቋሚው መሣሪያ ቀድሞ ስለሚሸተኝ ሠራተኞቹ «አፍንጫው» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ቧንቧ አፍስሶ ሁሉም አፍንጫቸውን ይዘው ሲሮጡ፣ እኔ መሣሪያው እስኪጮህ ቆሜ ቀረሁ። በያጁ «ምነው አለቃ?» ሲለኝ፣ «እናንተን ልፈትን ብዬ ነው» አልኩት፤ ሳቁ።

አሁን መሣሪያውን ቤትም ይዤው እገባለሁ። ባለቤቴ «ከኔ ይልቅ እሱን አገባህ» ትላለች። ትናንት ደግሞ ድስቱ ሲያር አጠገቡ ተቀምጬ ጋዜጣ ሳነብ አገኘችኝና ቤቱን በጩኸት አናጋችው። ጋዜጣ ሲይዘኝ መቼም ታውቂኛለሽ።

ለዓመቱ የጤና ምርመራ ሌላውን ሁሉ ልኬ እኔ ሥራ በዝቶብኝ አልሄድኩም። ሰኞ ሁለት ሰዎች የነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ ገብተው ሊያጥቡ ነው፤ ውስጡ ጋዝ እንደሌለ አረጋግጬ የመግቢያ ፈቃዱን የምፈርመው እኔ ነኝ።

የላክሽልኝ ሽቶ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ግሩም ነው ብላለች፤ እኔም ወድጄዋለሁ። የምን የምን እንደሚል ግን ጻፊልኝ፤ ሰው ሲጠይቀኝ መልስ እንዳላጣ።

ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ደህና ክረሚልኝ።

ወንድምሽ አፍንጫው