የሐሙስ ዘይት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

አሰላሙ አለይኩም እማ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ምድጃው አሁንም ጢሱን ወደ ቤት ይመልሳል? እዚያ ኮችኮር ብርዱ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ። እኔስ ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ።

ወንድሜን ሱዩንቤክን ከሶንኩል ሐይቅ በረዶ ሥር ያወጡት ቀን ነፍስ አድኖቹ ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ። በወፍራም ጓንት፣ በዚያ ነፋስ፣ ትንፋሹ መውጣቱን ሳይሰሙ፣ የመጀመሪያው አየር ከደረቱ ሳይወጣ ከረጢቱን ደግመው ጨመቁበት፤ እንዲያ ሞተብን። አልፈርድባቸውም። ለዚህ ነው እኔ የሠራሁት ትንፋሽ መስጫ ከረጢት ፉጨት ያለው፤ አየሩ ከሰውየው ሲወጣ ያፏጫል፣ እነሱም ያንን ሰምተው ደግመው ይጨምቃሉ።

ችግሩ ሐሙስ ሐሙስ ነበር። የከረጢቱን ጭምብል የመለማመጃው አሻንጉሊት ፊት ላይ ገጥሜ ስተወው፣ ማንም ሳይነካው ማፏጨት ጀመረ። ቫልቩን ቀየርኩ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ያው ነው። የነፍስ አድኖቹ አለቃ ጋሼ ኦሮዝባይ ሊያየው መጥቶ «አንቺ ልጅ፣ ትንፋሽ መስጫ ሥሪልን አልንሽ እንጂ የሚያንኮራፋ ባል መች አልንሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። እየሳቅኩ ጭምብሉን አነሳሁት። የጋለ ዘይት ሸተተኝ። ያንቺ ቦርሶክ ሸተተኝ እማ! ሐሙስ ሐሙስ በዚያው ሰዓት፣ ሟች የሚጠግበው በዘይት ሽታ ነው፣ ለሱዩን ይድረሰው ብለሽ ሊጡን ትጠብሺለት ነበር። ጋሼ ኦሮዝባይም ሸቶት ሳቁን ዋጠ። «በረዶ ላይ እንዲህ ካፏጨ ልጆቼ ሰውየው ተነፈሰ ብለው እጃቸውን ያነሳሉ፤ ሰው ይሞትብናል» አለኝ።

የከረጢቱ ፈተና ደግሞ ሐሙስ ላይ ዋለ። ለዚህ ነው ይህን አንድ ሐሙስ ዝለይው ብዬ በስልክ የለመንኩሽ። «ልጄን ላስርበው?» ብለሽ አለቀስሽ፤ ቢሆንም እሺ አልሽኝ።

ዛሬ ፈታኞቹ ሲጨምቁት አፏጨ፣ ሲተዉት ዝም አለ። ፈረሙልኝ። ጋሼ ኦሮዝባይ ግንባሬን ስሞ «ዘንድሮ በረዶ ላይ ይዘነው እንወጣለን» አለኝ። ደስታዬን አልችለው ብዬ ነበር።

ሰዎቹ ሲሄዱ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። ከረጢቱ ማንም ሳይነካው ቀስ እያለ ሟሸሸ፤ ሁለቱ ጎኖቹ እስኪጣበቁ ድረስ። ጎማው ተመልሶ በራሱ እንዲነፋ ሆኖ የተሠራ ነው፤ አልተነፋም። ጭምብሉን ላላቅቅ ብስበው የአሻንጉሊቱ ጭንቅላት አብሮ ተነሳ።

እማ፣ ሱዩን ወደ ውስጥ ስቦ ማስወጣት አቅቶታል። ሽታውን የከለከልኩት እኔ ነኝ። አጠገቡ ተቀምጬ የአሻንጉሊቱን እጅ ይዤ ነው የምጽፍልሽ፤ ጎማ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ልለቀው አልቻልኩም።

በረዶው የስልኩን መስመር ስለቆረጠው ይህን በሚኒባስ ሹፌር ልኬልሻለሁ። መጪውን ሐሙስ አትጠብቂ። ሹፌሩ ከደጅሽ ሳይርቅ ድስቱን ጣጂ፤ ዘይቱንም አትቆጥቢ።

አላህ ጤናሽን ይስጥሽ፣ ከክፉ ሁሉ ይጠብቅሽ። እስኪያፏጭ ድረስ ከአጠገቡ አልነሳም።

የሱዩን ታናሽ፣
ሴት ልጅሽ