በፎጣ የተጠቀለለ ድንጋይ

ታኅሣሥ 8፣ 2006

ፀሐይ ወጣች ብዬ በርበሬ አሰጣሁ። ደሴ ናትና ወዲያው ደመና። መልሼ ሰበሰብኩ።

ከሰዓት ብዙዬ መጣች። የሴቶች እድራችን ሰብሳቢ ከሆነች ወዲህ ወንበር ጫፍ ላይ ነው የምትቀመጠው።

«አንቺ ሰርኬ፣ ያ የጓሮ ክፍል ባዶውን ምን ይሠራል?»

«አይጥ ያረባል።»

ሳቀች። ከዚያ የመጣችበትን አወጣችው። ደላላ አታሏቸው ሳውዲ ሲንገላቱ ከርመው የተመለሱ ልጆች አሉ። ሴቶች ጉዳይ፣ ፖሊስ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ የእኛም እድር አንድ ላይ ሆነው ጥምረት መሥርተዋል። አንዱ ያሳክማል፣ አንዱ ክሱን ይይዛል፣ እድሩ ማረፊያ ቤት ይፈልጋል።

«ወደ አንቺ የምትመጣው ልጅ ደላላውን ከሳለች። የት እንዳለች ከእኔና ክሱን ከያዘችው ሳጅን በቀር ማንም አያውቅም። በማርያም!»

እሺ አልኩ። ስለ እህቴ ልጅ፣ ስለ ጽናት አላነሳችም። እኔም አላነሳሁ።

ታኅሣሥ 11

መጣች። ሱሀይላ ትባላለች፣ የገራዶ ልጅ። ጾም መሆኑ በጀን፤ የእስላም ሥጋ የክርስቲያን ሥጋ የሚባል ጣጣ የለም። ሽሮውን አብረን በላን።

ማታ የክፍሏን በር ልዘጋ ስል፣ «እማማ፣ አይቆልፉብኝ» አለች። ወደ ሳውዲ ስትሻገር የመን ላይ ከውጭ ቆልፈውባት ከርመዋል። ቁልፉን ከገመዱ ፈትቼ ሰጠኋት። ጨብጣው ተኛች።

ታኅሣሥ 20

ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳነብ አየችኝ።

«በጣትዎ ነው እንዴ የሚያነቡት?»

«ያለ አስተማሪ የተማረ ሰው እንዲህ ነው።»

«ወላሂ፣ ጣትዎን ቢያምዎት ንባብ ቀረ በሉኛ!»

ሳቀች። ስትስቅ መስማቴ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ... ከዚያ ሳልጠይቃት የደላላውን ስም ጠራች። ደሳለው። የኮምቦልቻው።

ወጥቼ በርበሬውን አገላበጥኩ። ቅድም አገላብጬው ነበር።

ታኅሣሥ 21

ጽናት የእህቴ ልጅ ነበረች። እዚሁ ቤት ነው ያደገችው። ደሳለው ቤይሩት ላካት፣ በሳጥን መጣች። ከሰስኩት። ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ፣ ሽማግሌ አስከትሎ ደጄ ላይ ወደቀ። ብዙዬ ጎኔ ቆማ፣ «አውፍ በይው ሰርኬ፣ ይቅር ማለት ለነፍሷም ይበጃል» አለችኝ። አውፍ አልኩት። ክሱን ተውኩ።

ሱሀይላን የላካት ከዚያ በኋላ ነው።

ልንገራት? ነገ...

ጥር 4

አልነገርኳትም።

ሳጅን ፀሐይነሽ ከኮምቦልቻ መጣች። የሌሎቹ ልጆች ቤተሰቦች ታርቀዋል፣ ልጆቹም ቃላቸውን አንስተዋል። የቀረችው ሱሀይላ ብቻ ናት። እሷም ከተወችው ሰውዬው በነጻ ይሄዳል።

«ትፈሪያለሽ?» አለቻት።

«እፈራለሁ። ግን እናገራለሁ።»

ጥር 18፣ እሑድ



ከቅዳሴ መልስ በሩ ተንኳኳ። «እኔ ነኝ» አለች ብዙዬ። ከፈትኩ። ከኋላዋ አንድ ቄስና አንድ ሼህ... ሰኞ ሰኞ በጥምረቱ ስብሰባ የሚቀመጡት ራሳቸው! የሱሀይላ አባት አቶ አብዱልወሀብ። ከሁሉም ኋላ ደሳለው፣ ጎንበስ ብሎ፣ ድንጋይ ማጅራቱ ላይ።

«እዚህ መሆኗን ማን ነገረው?»

«እኔ ነኝ» አለች ብዙዬ። ዓይኗን እንኳ አልሰበረችም። «ምን ላድርግ? ልጆቹን ይዞ እግሬ ላይ ወደቀ። ፍርድ ቤት ያጣላል እንጂ ያስታርቃል እንዴ?»

«በማርያም ብለሽኝ ነበር።»

«ተይ እንጂ ሰርኬ። በገዛ ልጅሽ በጽናት አውፍ ብለሽው የለም? ለሰው ልጅ ሲሆን ነው የምትከለክይው?»

አባትየው ወደ ጓሮ ክፍሉ ዞሮ ተጣራ። «ሱሀይላ፣ ልጄ፣ ለአላህ ብለሽ አውፍ በይው። ከሚለምነኝ አገር ጋር ተጣልቼ የት እገባለሁ?»

ከዚያ ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ሰማሁ። እሷ ከመጣች ወዲህ በሩ ተቆልፎ አያውቅም።

ያኔ ነው ድንጋዩን ልብ ያልኩት። በፎጣ ጠቅልሎታል። እንዳይቆረቁረው!

«ያኔ ያልኩትን አንስቻለሁ» አልኩ።

«ምኑን?» አሉ ቄሱ።

«አውፍ ያልኩትን።»

ሼሁ «አስተግፊሩላህ» አሉ። ቄሱ አማተቡ። «እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼም አላውቅ!» አለች ብዙዬ። እኔም ሰምቼ አላውቅም። ደሳለው ቀና ብሎ አየኝ፣ ድንጋዩን ደጃፌ ላይ ጣለ። ሄዱ።

ጥር 19

ሱሀይላ ሌሊቱን አልከፈተችም። ጠዋት ጓዟን ይዛ ወጣች።

«ያውቁት ኖሯል።»

«አውቀዋለሁ።»

«ያኔ አውፍ ባይሉት እኔን አይልከኝም ነበር።»

«አይልክሽም ነበር።»

ሳጅኗ መጥታ ወሰደቻት። የት እንደሆነ አልጠየቅኩም፣ አልነገረችኝም። እንዲያ ይሻላል። ከመሄዷ በፊት ግን ስለ ጽናት የማውቀውን በሙሉ ለሳጅኗ ነገርኳት። ፍርድ ቤትም እንድናገረው አስመዘገበችኝ።

ሱሀይላ ትመሰክር ይሆን? ወይስ እኔንም እንደነሱ ቆጥራ ሁሉንም ትተወው?

ጥር 27

ለቅሶ ቤት ከብዙዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። ተነስታ ቦታ ቀየረች። ስንት ዘመን አብረን አለቀስን እኮ... ባሌ የሞተ ለታ የያዘችኝ እሷ ነበረች።

ድንጋዩን አልጣልኩትም። በርበሬ ሳሰጣ ሰሌኑን ንፋስ እንዳያነሳው ጫፉ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ፎጣውን ግን አቃጠልኩት።

የካቲት 18

የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ብቻዬን። ችሎት ውስጥ ብዙዬ ከደሳለው ሚስት ጎን ተቀምጣለች። ሱሀይላ የለችም። የእኔ ስም ተጠራ። የጽናትን ተናገርኩ፣ አውፍ ያልኩትንም ሳልደብቅ። ድምፄ አነሰ መሰለኝ፤ ዳኛው «ጮክ ይበሉ እናቴ» አሉ። ጮህኩ። በሕይወቴ ሰው ፊት ጮሄ አላውቅም።

ዞር ስል ሱሀይላ ከሳጅኗ ጋር በሩ ላይ ቆማለች። ለካ ሰምታኛለች።

ተጠራች። መሰከረች። ሁሉንም፣ የየመኑንም። አባቷ ከኋላ ፊቱን በሽርጡ ሸፍኖ ሰማ። ጉዳዩ ለመጋቢት ተቀጠረ።

ውጭ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«ቁልፍዎን አልመለስኩም» አለች።

«ያዢው።»

ብዙዬ በፊታችን አለፈች። አልጠራኋትም።