ስሜ ይጻፍበት

ጥቅምት 29፣ አርብ

አምስቱን ለቀቅኩ። በየሳምንቱ አምስት ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ አሳጥሬ የምለቅበት የአርብ ንባብ ሦስት ዓመት ሆነው ማለት ነው? ቴሌግራሙ ላይ ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው። ዛሬ አንዱ ስለ ትርጉም ማሽን ነው። አፋን ኦሮሞውን ሲያበላሸው እያየሁ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። አንዱ የሐይቅ ውሃ ከሰማይ ሆኖ ስለሚለካ ሳተላይት፤ የደንዲን ሐይቅም ቢለኩልን። አንዱ የወሰዱትን ቅርስ መመለስ ስለጀመሩ ሙዚየሞች። አንዱ ስለ ጦርነትና ስለ ስንዴ። የመጨረሻው ስለ ስኳር በሽታና ስለ ጾም። እሱን የጨረስኩት በር ሊዘጋ ሲል ነው። ኔትወርኩ ሞቷል ማለት ይቻላል።

አለቃዬ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ኦቦ ገለታ፣ ቁልፍ ይዘው ቆመውብኛል።

«አሁን ይሄን ማን ያነበዋል፣ ሃዋኒ?»

«ስድስት መቶ ሰው።»

«እዚህ መጽሐፍ የሚዋስ አጥተን!»

እውነታቸውን ነው ደግሞ...

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ሌባ!

ፍሮምሳ። መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ቤት ያለው፣ የከተማውን ወሬ ፌስቡክ ላይ የሚለቀው ፍሮምሳ። የስኳሩን ጽሑፌን እንዳለ አንስቶ ገጹ ላይ ለጠፈው። «ስኳርን በጾም ማሸነፍ» ያልኩትን ርዕስ በቀይ አድርጎ። «ተመራማሪዎቹ» ማለት ሲገባኝ «ተመራመሪዎቹ» ብዬ የተሳሳትኩትን እንኳ አላረመም። ሠላሳ ስምንት ሺህ ተከታይ አለው። ስሜ የለም። ሊንኩም የለም። ሰዉ ሥሩ ላይ «ፍሮሜ ኑርልን፣ እናመሰግናለን» ይላል። ለምኑ ነው የሚመሰገነው? ለኮፒው?

ምሳ አልበላሁም። 

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

በምሳ ሰዓት ፎቶ ቤቱ ሄድኩ። ለመታወቂያ ፎቶ የተቀመጠ ሰውዬ ነበር፣ ኮሌታውን እያስተካከለ። አላፈርኩም።

«ፍሮምሳ፣ የጻፍኩትን ወስደሃል።»

«እህቴ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ የሁሉም ነው። አንቺስ ከፈረንጅ አይደል የወሰድሽው?»

«እኔ ከየት እንዳመጣሁት እጽፋለሁ! ቁጭ ብዬ አንብቤ፣ ተርጉሜ...»

«እሺ ይቅርታ። ላጥፋው?»

«አታጥፋው። ስሜ ይጻፍበት።»

ሰውየው ከወንበሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። ፍሮምሳ እዚያው ቆሞ ጻፈው። «ያዘጋጀችው፦ ሃዋኒ፣ ከቤተ መጻሕፍት።» ስልኩን ፊቴ ላይ አዞረልኝ። «ደስ አለሽ?»

ደስ ብሎኛል። ምን አገባው!

ኅዳር 8፣ እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አዴ እታገኝን አገኘኋቸው። እናቴ በሞተች ጊዜ አርባውን ሙሉ እኔ ጋ ያደሩት እሳቸው ናቸው። አንድ ቢሮ ውስጥ ሃያ ዓመት ታይፒስት ነበሩ፣ እሳቸውና እናቴ። ዓይናቸው ስለደከመ ስልክ የሚያነብላቸው ልጃቸው ሮባ ነው፤ እጃጂ ከተማ ያስተምራል፣ ቅዳሜና እሑድ ይመጣል።

«ያንቺን ጽሑፍ አነበበልኝ» አሉኝ። «ስምሽን ሲጠራው አስደገምኩት። እናትሽ በሰማች!»

ዓይኔ እንባ ሞላ።

«ዘንድሮ እንግዲህ ጾሙን በደንብ ነው የምይዘው» አሉ ደግሞ።

«ጎበዝ» አልኳቸው። ስልኬን እያየሁ ነበር። ፍሮምሳ ገጽ ላይ አንዱ «ይሄን ሴት አልጻፈችውም» ብሎ፣ ለሱ መልስ ልጽፍለት...

ኅዳር 13፣ አርብ

አምስቱን ለቀቅኩ። ዘጠኝ መቶ ሰው አለፍን። ኦቦ ገለታ ዛሬ ቁልፍ ይዘው አልቆሙብኝም።

ኅዳር 25፣ ረቡዕ

ሮባ ደወለ። አካም ጅርታ የለ፣ ሰላምታ የለ።

«እማዬ ሆስፒታል ናት። ሰው አታውቅም።»

ጾሙ ከገባ ጀምሮ መርፌያቸውን ትተውታል። የስኳሩን መርፌ። አሥራ አንድ ዓመት ጠዋት ማታ የወጉትን። ከጎረቤት ደብቀው፣ ከልጃቸው ደብቀው። ውሃ ውሃ ሲሉ፣ ሲያስመልሳቸው ሰንብተው ዛሬ ጠዋት ጎረቤት በር ሰብሮ ገባ።

«ሐኪሙ ለምን ተዉት ሲለኝ ምን ልበለው? ሃዋኒ ጽፋ ነው ልበለው? አንብቤላታለሁ እኮ! በዚህ አፌ!»

ዘጋው።

ፍሮምሳ! ማስጠንቀቂያውን ቆርጦታል። «መርፌ የሚወስድ ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ» የሚል ነበረበት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳልጽፍ አልለቅም። ቦታ እንዳይፈጅበት ቆርጦታል። ገድሎኛል ይሄ ሰው።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ጓደኛዬ ሲስተር መቲ እዚያው ሆስፒታል ናት። ስኳራቸው ከስድስት መቶ በላይ ነበር አለችኝ። እስካሁን አልነቁም።

ፎቶ ቤቱ ሄጄ ጮህኩበት። ሰው በር ላይ ተሰብስቦ ነበር፣ ይሰብሰብ።

«ምኑን ነው የቆረጥከው? አውጣው! ምኑን?»

«አንዲት ፊደል አልነካሁም። ስህተትሽን እንኳ አልነካሁም፣ ሃዋኒ።»

ዋሾ።

ኅዳር 27፣ አርብ

የራሴን ከፈትኩት። ጥቅምት 29 የለቀቅኩትን። ከሱ ጋር ጎን ለጎን አድርጌ፣ በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት።

የለም።

እኔም ጋ የለም። አልጻፍኩትም።

ሊንኩን ነካሁ፣ ወደ ታች ወረድኩ። የሚያልቅበት ቦታ ስደርስ ማስጠንቀቂያው ቁጭ ብሏል። መርፌ የሚወስዱ ሰዎች ጥናቱ ውስጥ አልገቡም። ማንም ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። ሁለት መስመር!

ያን ቀን ከላይ ሦስት አንቀጽ ነበር ያነበብኩት። ቀሪው አልከፈት ሲለኝ፣ ኦቦ ገለታም ቁልፍ ይዘው ሲቆሙብኝ... መጀመሪያውን አየሁ፣ የቀረውን በግምት ሞላሁት። ደግሞ «ቁጭ ብዬ አንብቤ» ብዬ ሰው ፊት ጮህኩ! ላጥፋው ሲለኝ አታጥፋው ያልኩት እኔ ነኝ።

ፍሮምሳ የሰረቀው እንዳለ ነው። ጎደሎው የኔ ነው።

ዛሬ አርብ ነው። ምንም አልለቀቅኩም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

አዴ እታገኝ ነቁ። መቲ ነገረችኝ። አልሄድኩም።

ኅዳር 30፣ ሰኞ

ማረሚያ ጻፍኩ። ስድስት ጊዜ ቀደድኩት። መጀመሪያ የጻፍኩት ሁሉ ስለ ኔትወርኩ ነበር። ኔትወርኩ ምን አደረገ? ኔትወርኩ ልቀቂው አላለኝም። መጨረሻ ላይ እንዲህ ሆነ፦ «ሙሉውን ሳላነብ ጻፍኩት። ተሳስቻለሁ። መርፌም ሆነ ክኒን ያቆማችሁ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂዱ።»

ኦቦ ገለታ አነበቡት። «ዲሲ፣ ተዪው። ዝም ብለሽ አጥፊው። ሰው በሳምንቱ ይረሳዋል። የመሥሪያ ቤቱስ ስም?»

«የረሱት ሰዎች መርፌያቸውን ይጀምራሉ?» አልኳቸው። ጮህኩባቸው መሰለኝ። በሕይወቴ ኦቦ ገለታ ላይ ጮሄ አላውቅም።

ፍሮምሳም እንደሳቸው ነው። «ማረሚያ ማንም አያነብም። እኔ አጠፋዋለሁ፣ አንቺም ትድኛለሽ።»

«ካጠፋኸው ያነበቡት በምን ያውቃሉ? ከላዩ ላይ ለጥፈው፣ በዚያው ቀይ።»

«የምትሰደቢው አንቺ ነሽ እኮ።»

«ልሰደብ።»

ለጠፈው። ከሥሩም ከራሱ ጨምሮ «እኔም ሳላጣራ ነው የወሰድኩት» ብሎ ጻፈ። ይሄን አልጠበቅኩም።

ታኅሣሥ 2፣ ረቡዕ

ገዳይ። ደንቆሮ። ለገንዘብ ብላ ነው። የነማን ተላላኪ ናት። ያላሉኝ የለም። ከሁሉ ያናደደኝ «እኔ መጀመሪያም አውቄ ነበር» የሚለው ነው። ታዲያ ለምን ዝም አልክ!

ግን ሦስት ሰው በግል ጻፈልኝ። ሦስቱም ቤታቸው ውስጥ መድኃኒት ያቆመ ሰው አለ። ሦስት! ያልጻፉልኝስ? ሁለቱ ጀምረዋል። አንዷ ደንዲ ገጠር ነው ያለችው፣ «አባቴ አልሰማ አለኝ፣ አንቺው ንገሪልኝ» አለች። ደወልኩ። ኦቦ ዋቅቶላ ይባላሉ። በአፋን ኦሮሞ ነው የተነጋገርነው፣ ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት።

«ያን ጊዜ እውነት ነው አልሽ። አሁን ስህተት ነው ትያለሽ። የትኛውን ልመን?»

«ሐኪሙን ይመኑ፣ አባቴ። እኔን አይመኑ።»

«ሐኪሙ ሩቅ ነው። አንቺ ግን እዚህ ስልኩ ውስጥ ነሽ።»

 ማሎ፣ እባክዎ፣ አልኩ። ደግሜ ማሎ አልኩ። ስልኩን ለልጃቸው ሰጧት።

ታኅሣሥ 7፣ ሰኞ

አዴ እታገኝ ቤት ሄድኩ። ከሆስፒታል ከወጡ አራት ቀናቸው ነው። ሮባ በሩ ላይ ቆመ፣ አላሳልፍም አለኝ። ፊቱ ከስቷል። ልመለስ ስል ከውስጥ ድምፃቸውን ሰማሁ።

«ኮቱ! ግቢ!»

አልጋ ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ግማሽ ሆነዋል። ግራ ዓይናቸው ጭጋግ ብቻ ነው የሚያየው፤ ይመለስ ይሆናል ብሏቸዋል ሐኪሙ፣ ላይመለስም ይችላል። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ጠፋ።

«ተነሺ። ማረሚያሽን ሮባ አነበበልኝ። ደህና አድርገሽ ጽፈሻል።»

«ይቅር ይበሉኝ...»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። እኔ በጣም ተቆጥቻለሁ።» ድምፃቸው ደካማ ነው፣ ግን ያ የቢሮው ድምፅ መጣ። «ሃያ ዓመት ስተይብ ስንት ደብዳቤ አበላሽቻለሁ መሰለሽ? ወረቀቱን ይዤ አለቃዬ ፊት እቆማለሁ፤ ተሳስቻለሁ እላለሁ። አንቺ ለከተማው ሁሉ ተሳስቻለሁ አልሽ። እኔ ጋ ለመምጣት አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብሽ። አሥራ ሁለት ቀን፣ ሃዋኒ! በሩ በተንኳኳ ቁጥር አንቺ ነሽ እያልኩ። መርፌውን የተውኩት እኔ ነኝ፣ የደበቅኩትም እኔ ነኝ፤ የኔን ጥፋት አውቀዋለሁ። ያቆሰለኝ መቅረትሽ ነው።»

 ፈርቼ ነው አልኩ። እውነቱ ይኸው ነው። ሠላሳ ስምንት ሺህ ሰው አልፈራሁም፤ አንድ አልጋ ፈራሁ።

ሮባ ወንበር አመጣልኝ። አልጋው አጠገብ አስቀምጦት ወጣ።

ጥር 2፣ አርብ

አሁን በሳምንት አንድ ነው። አንድ ብቻ። እስከ መጨረሻው፣ ሁለት ጊዜ። የጤና ነገር ከሆነ መቲ ሳታየው አይወጣም። ከአንድ ሺህ ሦስት መቶ ወደ አራት መቶ ሰባ ወርደናል። ሂዱ፣ ደህና ሁኑ።

ከመልቀቄ በፊት አዴ እታገኝ ጋ ሄጄ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። እንደ ድሮው ይቆጣሉ፣ ያስደግሙኛል፣ «ይሄ ዐረፍተ ነገር ምን ማለቱ ነው?» ይላሉ። የግራ ዓይናቸው አልተመለሰም። የዛሬው ጽሑፍ ሰው ሳይነካው ራሱ ዜና ስለሚጽፍ ማሽን ነበር። ሳያቋርጡኝ ሰሙኝ።

«ሲሳሳት ማን ቤት ሄዶ ይቅርታ ይላል?»

ጽሑፉን እንደገና አየሁት። መልሱ የለበትም። ጥያቄያቸውን ከሥሩ ጨምሬ ለቀቅኩት።

ኦቦ ዋቅቶላ እስካሁን መድኃኒታቸውን አልጀመሩም። ልጃቸው ትናንት ደውላ አለቀሰች። ተናደድኩ፤ በሳቸው ሳይሆን በራሴ፣ ወር ሙሉ በስልክ ብቻ በመለመኔ። ነገ በጠዋቱ መኪና ጊንጪ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ደንዲ በእግር ሁለት ሰዓት ነው አለችኝ። መቲም ትመጣለች፣ የስኳር መለኪያውን ይዛ። ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ፤ ፊት ለፊታቸው ቆሜ ነው የምነግራቸው።