ወንዝ ዳር ለመሰንበት የሰላም ማረጋገጫ ለጠየቁን ኃላፊ

ለተከበሩ የወንዝ ዳር የመዝናኛ ጎጆዎች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ዕድሜዎም እንደሚሰጡት ቀጠሮ የረዘመ ይሆን ዘንድ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በአንድ ማተሚያ ቤት የሰው ጽሑፍ ሳርም የምውል ሰው ነኝ። በራሴ ስም ለአደባባይ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ሲሆን፣ ድፍረቱን የሰጠኝ የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነውና ምስጋናዬ ከዚሁ ይጀምራል።

የጠየቅነው ነገር ትንሽ ነበር። ሙቀቱ የጉልበት ሕመም ያስታግሳል በሚባልለት በዚያ በቆላው ወንዝ ዳር ከሚያስተዳድሯቸው የእንጨት ጎጆዎች አንዷን ለጥቂት ቀናት መከራየት ፈለግን። ሂያጆቹም እናቴ፣ ታላቅ እህቷ የሆነችው አክስቴ፣ መኪናውን የሚይዘው ወንድሜና እኔ ነበርን።

ለምን እንደፈለግን ልንገርዎት፣ ቢሮዎ ያልጠየቀን ጥያቄ ይኸው ብቻ ነውና። እናቴና አክስቴ ከአያቴ ሞት ወዲህ ሆድና ጀርባ ናቸው። አያቴ ትታው የሄደችውን ቁም ሳጥን ሲካፈሉ አንዷ ለሌላዋ አልለቅም ስላለች፣ በሮቹ ለእናቴ፣ ሳጥኑ ለአክስቴ ደረሰ። ይኸው እስከ ዛሬ አክስቴ በር በሌለው ሳጥን ልብሷን አቧራ ታጠጣለች፤ እናቴ ደግሞ የሚዘጉት ነገር የሌላቸውን ሁለት በሮች ከአልጋዋ ራስጌ አቁማ በየሳምንቱ ትወለውላለች። አሁን አክስቴ አገር አቋርጣ ልጇ ዘንድ ለመኖር ልትሄድ ነው፣ በዚህ ዕድሜዋም ተመልሳ ትመጣለች ብሎ የሚያስብ የለም። ሳይነጋገሩ ከተለያዩ የሚቀጥለው ወሬያቸው የመርዶ ስልክ እንደሚሆን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ወንድሜና እኔ መላ ስንመታ፣ በአንዷ ቤት ብናገናኛቸው ሌላዋ እንግዳ መሆኗ ነው፤ ስለዚህ የማንኛቸውም ያልሆነ፣ በሙቀቱ ምክንያት በር ዘግቶ ማኩረፍ የማይቻልበት ቤት አስፈለገን። ሁለቱም ለልጆቹ ስንል ብለው፣ ነገር ግን «እንዳታናግረኝ» በሚል ቅድመ ሁኔታ፣ ለመሄድ ተስማሙ። ወንድሜ ታጣፊ ወንበርና ፋኖስ ገዛ፤ እናቴ ገበያ ወጥታ ሁለት የፀሐይ ባርኔጣ ይዛ ተመለሰችና ነጋዴው አንዱን ለይቼ አልሸጥም ስላለኝ ነው አለችን። ከዚህ በኋላ የቀረው የእርስዎ መልካም ፈቃድ ብቻ ነበር።

ስለዚህም የሚከተሉትን ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. በስልክ ስንጠይቅ በአካል ቅረቡ ተባልን፤ በአካል ስንቀርብ አስቀድማችሁ ደውላችኋል ወይ ተባልን። ደውለናል ብንል የደወልንለት ሰው ስልክ የሚያነሳ እንጂ የሚመዘግብ አለመሆኑ ተነገረን። ጎጆው በአንደኛው መስኮት፣ በረንዳው በሌላው መስኮት የሚስተናገድ ሲሆን፣ የበረንዳው ባለሙያ ለዕረፍት ሄደዋል። የት ሄዱ ብለን ብንጠይቅ ወንዝ ዳር ናቸው አሉን። እኛም መልካም ዕረፍት ተመኝተንላቸው ደጅ መጥናታችንን ቀጠልን።

፪. በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መመሪያ፣ ሥራዬ ነውና፣ ቃል በቃል አነበብኩት። አንድም የፊደል ስሕተት የለበትም፣ እንኳን ደስ ያለዎት። አጎበር ይዞ መምጣት ግዴታ ነው ይላል፤ ዝቅ ብሎ ደግሞ በጎጆው ግድግዳም ሆነ ጣሪያ ላይ ማናቸውንም ነገር ማሰር ክልክል ነው ይላል። ሐሳብዎ ገብቶኛል፤ ሌሊቱን ተራ በተራ እየቆምን አጎበሩን በእጃችን እንይዛለን። ምግብ ከውጭ ማስገባት አይቻልም፣ በጎጆው ምግብ አይሸጥም፣ እሳት ማንደድ ነውር ነው። ወደ ወንዙ መጠጋት ለደኅንነታችን ሲባል ስለተከለከለ ከበረንዳ ሆነን እናየዋለን ብንል፣ በረንዳዎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ መኪና ማቆሚያው አዙረዋል። ወንዝ የሚሰርቅ የለም፣ መኪና ግን ይሰረቃል ሲሉ ጥበቃው አስረዱን፤ እውነታቸውን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፣ ለላሟ ኪራይ የሚጠይቅ ግን ያየሁት እዚህ ነው።

፫. አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ባለፈው ወቅት አንድ ቤተሰብ ጎጆ ውስጥ ተጣልቶ ጠረጴዛዎን ወንዝ ውስጥ ስለጨመረው፣ ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ተከራይ ከማንም አብሮ አዳሪው ጋር ጠብ እንደሌለው በእርስዎ ፊት በአካል ቀርቦ ማረጋገጥ አለበት ብለው ደነገጉ። ለመታረቅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ታርቆ ይምጣ ማለት፣ ሐኪም ቤት ለመግባት የጤንነት ማስረጃ እንደ መጠየቅ ነው። ጠረጴዛዎ ግን ጠረጴዛ ነውና ኀዘንዎን እጋራለሁ።

በተቀጠረልን ቀን ሁለቱን ይዤ መጣሁ። ኮሪደርዎ ውስጥ ያለው አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ስለሆነ እናቴ ከአንዱ ጫፍ፣ አክስቴ ከሌላው ጫፍ ተቀመጡ፤ እኔም እንደ ድንበር ድንጋይ መሐል ተተከልኩ። ቢሮዎ ውስጥ ማራገቢያው ሲሽከረከር ይሰማናል፣ ኮሪደሩ ግን ምድጃ ነበር። ጸሐፊዎ በየጊዜው ብቅ እያሉ ስብሰባ ላይ ናቸው ይሉናል። ረፋዱ አልፎ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ማራገቢያዎ በሩን ገፋ አደረገውና፣ ስብሰባው እርስዎና አንድ ብርቱካን ብቻ የተገኛችሁበት መሆኑን በዓይናችን አየን። ልጣጩን ሳይቆርጡ እስከ መጨረሻው መላጥዎን አደንቃለሁ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ያኔ ነው አክስቴ፣ ፊቷን ከእርስዎ ሳትመልስ፣ በእኔ ትከሻ ላይ አሻግራ የተናገረችው።

«ያንን አከራያችንን አይመስልሽም?»

እናቴ ያን ሁሉ ዓመት ላትመልስላት ምላ የኖረች ሴት ናት። ልትይዘው ሞከረች፣ አልሆነላትም።

«ቁርጥ እሱን፣ እትዬ። አላላጡ ሳይቀር።»

ስለዚያ አከራይ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። በልጅነታቸው የግቢውን ቧንቧ እየቆለፈ፣ ልጆች ውሃ ሲለምኑት ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ፍራፍሬ የሚልጥ ሰው እንደነበር ያወቅኩት፣ ሁለቱ እንባቸው እስኪፈስ ሲስቁ ከመሐላቸው ተነሥቼ ቦታ ከለቀቅኩላቸው በኋላ ነው። ሲስቁ አብሬያቸው ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ አለቀስኩ እንጂ አልሳቅሁም።

ከዚያ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ቢሮዎ ገቡ። በዚያ የተባለውን እርስዎም ስላልረሱት እዚህ አልደግመውም፤ ደግሞም ማተሚያ ቤታችን የማያትማቸው ቃላት አሉ። አንዷ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሌላዋ ስትጨርሰው መስማቴን ብቻ ልመስክር። ከእነሱ ጋር እከራከራለሁ ብለው አፍዎን በከፈቱ ጊዜ ስለ እርስዎ ፈርቻለሁ።

፬. ውሳኔዎ በሚያስገርም ፍጥነት፣ በማግስቱ ደረሰን። «አመልካቾቹ እህትማማቾች ክንድ ለክንድ ተያይዘው በመግባትና በአንድ ቃል ኃላፊውን በመዝለፍ የሰላም ሁኔታቸው አጠራጣሪ ሆኖ ስለተገኘ ጥያቄያቸው ውድቅ ተደርጓል» ይላል። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጽሑፍ አርሜያለሁ፣ እንደዚህ ያለ ዓረፍተ ነገር ግን አላጋጠመኝም። ለዓመታት ተኳርፈው የኖሩ እህትማማቾች በተስማሙባት በዚያች አንድ ቀን ጠበኞች ናችሁ ተባሉ።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ለአፍታ ልተወውና፣ ተናድጃለሁ። አክስቴ የፊታችን ቅዳሜ ትሄዳለች። እናቴ ወንዙን ከእህቷ ጋር ማየት ፈልጋ ነበር፤ ባርኔጣዎቹ ዛሬም በላስቲካቸው ውስጥ ናቸው። ሌላ ቦታ ለመፈለግ ጊዜ የለንም፣ ጊዜያችንን ኮሪደርዎ ላይ ጨርሰነዋልና።

ሆኖም ባለዕዳ ነኝና ላመስግንዎ። አክስቴ ሻንጣዎቿን ይዛ እናቴ ቤት ገብታለች። በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው ስለ እርስዎ ሲያወሩ ያድራሉ፤ ልናስታርቃቸው ስንት ሽማግሌ ልከን ያልሆነልንን፣ እርስዎ ከወንበርዎ እንኳ ሳይነሡ ፈጸሙት። በዚህ አያያዝዎ በአገሩ የተጣላውን ሁሉ ተራ በተራ ቢያስጠሩ ያለ ጥርጥር ምድሪቱ ሰላም በሰላም ትሆናለች፤ የሚጠላ ሰው ቢጠፋ እንኳ እርስዎ አይጠፉምና።

የቢሮዎን በር ማራገቢያ እንጂ ባለጉዳይ እንዳይከፍተው እየተመኘሁ፣ ወደ ወንዙ እንዳልጠጋ በተከለከልኩበት ርቀት ላይ ቆሜ እጅ የምነሣዎ፣

የሁለቱ አጠራጣሪ እህትማማቾች ልጅ

ማሳሰቢያ፦ እናቴ ውሳኔዎን በመስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቅላዋለች። አክስቴም ይዛው የምትሄደው ሌላ ቅጂ ትፈልጋለች፤ «በአንድ ቃል» የሚለው ላይ ማኅተሙ በደንብ ይረፍልን፣ ስምምነታቸውን በጽሑፍ ያረጋገጠልን ብቸኛ መሥሪያ ቤት የእርስዎ ነውና። ከቅዳሜ በፊት ቢደርሰን ደስ ይለናል። ነገር ግን ቢሮዎን ስለምናውቅ፣ እንዳትጠብቀው ለአክስቴ ነግረናታል።